በሁለቱም ባንድ የኖሩት የወንድሜ የ«ውሰት» ዜና ሕይወት

ክቡራን ሐዘንተኞች፣ ቤተሰቦች፣ ጎረቤቶችና በየባንዱ ያላችሁ ወዳጆቻቸው፤

ይህን ዜና ሕይወት እንዳነብ የተመረጥኩት ታላቅ ወንድማቸው ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። «ነገ እንመጣለን» የተባለው ባንድ አባላት የእኛ ሰው ስለሆኑ እኛ እናንብብ ሲሉ፣ «መጥተናል» የተባለው ባንድ አባላት ደግሞ የእኛ ናቸውና ንባቡ ለእኛ ይገባል በማለታቸው፣ ነገሩ እንዳይከር ምንም ዓይነት መሣሪያ መጫወት የማይችል ሰው ተፈልጎ እኔ ተገኘሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ቋንቋ ያስተማርኩ ጡረተኛ እንደመሆኔ ስሳሳት ራሴን ማረም ልማዴ ነውና በመካከሉ ቆም ስል ታገሡኝ። ደግሞም ድክ ድክ ከሚልበት ጊዜ ጀምሮ «አንተ» ያልኩትን ሰው ዛሬ «እርሳቸው» ብዬ መጥራት ለምላሴ አዲስ ነው።

ወንድሜ ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ባለው ሠፈር፣ የውሃ ቆጣሪ እያነበቡ ቤት ለቤት ይዞሩ ከነበሩት አባታችንና በልብስ ንጽሕና ቤት ይሠሩ ከነበሩት እናታችን ሁለተኛ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ይቅርታ፣ ሦስተኛ ልጅ። በመካከላችን ተወልዳ ያልበረከተችልንን እኅታችንን እናታችን ዘወትር ይቆጥሯት ስለነበር ትክክሉ ሦስተኛ የሚለው ነው። አባታችን የማያንኳኩት ደጅ ስላልነበረ በየቤቱ የታወቁ ሰው ነበሩ፤ ወንድሜም ይህንኑ ጠባይ ወርሰው ምሳቸውን ከአንዱ ጎረቤት፣ መክሰሳቸውን ከሌላው በልተው አመሻሽ ላይ ሲመለሱ እናታችን በሩ ላይ ቆመው «ይሄ ደግሞ የማን ልጅ ነው?» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በትምህርታቸው ጎበዝ ነበሩ ማለት የእንዲህ ያለ ንባብ ወግ ነው፤ እውነቱ ግን መካከለኛ ነበሩ። ፊደልን የሚወዱት ስለሚናገረው ነገር ሳይሆን ስለ መልኩ ነበርና፣ የ«ጨ»ን እግሮች ሲያሳምሩ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ደወል ይደወልባቸው ነበር። ስለ ሥርዓተ ነጥብ በትምህርት ቤትም በቤትም የነገርኳቸው ሁሉ በአንድ ጆሯቸው ገብቶ በሌላው ወጥቷል፤ ይህ ጉዳይ ምን እንዳስከተለ ወደ ኋላ እደርስበታለሁ። ትምህርታቸውን እንደጨረሱ ከአንድ ታፔላ ጸሐፊ ዘንድ ተቀጥረው ሙያውን ከተማሩ በኋላ የራሳቸውን ሱቅ ከፍተው፣ እስከ ሕመማቸው ድረስ የከተማችንን የፀጉር ቤቶች፣ የጥርስ ሐኪሞችና የቁልፍ ቀራጮች ስም ሲጽፉ ኖረዋል። ዛሬ ከዚህ ወጥታችሁ ወደየቤታችሁ ስትሄዱ በመንገዱ ግራና ቀኝ የምታነቡት አብዛኛው የእርሳቸው እጅ ነው።

ከሱቃቸው አጠገብ አንድ ጎሚስታ ነበር፤ ዛሬም አለ፣ ከፊቴ ተቀምጧል። ተማሪዬ ስለነበር በ«እርሳቸው» ልጠራው ሞክሬ አልሆነልኝም። ጎሚስታው ከጎማ ቤቱ በላይ ባለችው ጣሪያዋ ዝቅ ያለች ክፍል ጊታር ይጫወት ነበር። ለወንድሜ የመጀመሪያ ጊዜ ያዋሳቸው ጊታር ሁለቱ ቀጫጭን ክሮች ተበጥሰው አራቱ ወፋፍራሞች ብቻ የቀሩለት ስለነበር፣ ጣታቸው በእነዚያው ለምዶ ከቆየ በኋላ አንድ ቀን ባለ አራት ክሩን ቤዝ ጊታር ቢያሳዩአቸው «ይሄማ የኔው ነው፤ ማን አስጠገነው?» አሉ ይባላል። «ይባላል» የሚለውን አርሜአለሁ፤ እዚያው ነበርኩ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በዚያ ዘመን ሮክ የሚባለውን ሙዚቃ በከተማችን የሚወድ ሰው ጥቂት፣ የሚጫወት ደግሞ ከጥቂትም ጥቂት ነበር። አሳታሚ የሚባል ነገር ስላልነበራቸው ዘፈናቸውን በዚያችው ክፍል ራሳቸው እየቀዱ፣ የካሴቱን ሽፋን ወንድሜ እየጻፉለት፣ በጎማ ቤቱ፣ ድራም በሚመታው ጓደኛቸው ዳቦ ቤትና ዘፋኟ በምትሠራበት ፋርማሲ ይሸጡ ነበር፤ የሠፈሩ ሽማግሌዎችም «ይሄ ፋርማሲ የራስ ምታቱንም መድኃኒቱንም ይሸጣል» እያሉ ያሟቸው ነበር። የወጣቱ ፍላጎት እያደገ ባንዶች ሲበዙ የተጫዋቹ ቁጥር ግን ያው ስለነበር፣ ዳቦ ጋጋሪው ሰኞ ለአንዱ፣ ረቡዕ ለሌላው ድራም ይመታል፤ የአንዱ ባንድ ዘፋኝ በሌላው ባንድ ተቀባይ ይሆናል፤ ቤዝ የሚጫወት ሰው ግን በከተማው አንድ ብቻ በመሆኑ ወንድሜ በሁሉም ውስጥ ነበሩ። በየቀኑ ከአንዱ ልምምድ ወደ ሌላው «ዛሬ ቤዙን በውሰት ስጡን» የሚል መልእክት ሲመላለስ ቃሉ ስም ሆኖ ቀረና እኩዮቻቸው ውሰት፣ ታናናሾቻቸው ጋሼ ውሰት አሏቸው። እኔ በጊዜው «ብድር ቢሉህ አይሻልም ነበር?» ብዬ ብቀልድባቸው መልሰው አረሙኝ። «ብድር ሌላ ነው፣ ወንድም ጋሼ። ዱቄት ብትበደር ሌላ ዱቄት ትመልሳለህ፤ መጥረቢያ ብትዋስ ግን ያንኑ መጥረቢያ ነው የምትመልሰው፣ ትንሽ ዶልዱሞም ቢሆን» አሉኝ። ሰዋስው ካስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ይህች መልሳቸው ትበልጥብኛለች።

የመጀመሪያው ባንድ «ነገ እንመጣለን» ይባላል። ስሙን ያወጣው ጎሚስታው ሲሆን፣ ያገኘውም የሚያፈስ ቧንቧ እንዲጠግኑለት የለመናቸው ሠራተኞች በየዕለቱ ይሰጡት ከነበረው መልስ ነው። ባንዱ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕዝብ ፊት እንዲጫወት ሲፈቀድለት፣ ወንድሜ እጅግ ባማረ ፊደል «የቅዳሜ የሙዚቃ ዝግጅት፣ ነገ እንመጣለን» ብለው ጽፈው በየግድግዳው ለጠፉ። የባንዱን ስም በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አላስገቡትም፤ ጭረቶቹ የፊደሉን መልክ ያበላሹብኛል ብለው ነው። ከተማውም የተጻፈውን እንደተጻፈ አነበበና የቅዳሜው ዝግጅት ወደ ማግሥቱ ተላልፏል ብሎ እሑድ መጣ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዘፋኟ ፋርማሲስት ለአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛና ለእኔ ዘፈነች፤ እሑድ ደግሞ ሕዝቡ ልብሱን ለባብሶ በተቆለፈ በር ፊት ቆሞ ዋለ።

ከዚያ የተነሣው ጠብ የሚታወስ ነው። ፋርማሲስቷ ስሙ ይቀየር አለች፤ ጎሚስታው ስሙ ምን አጠፋ፣ ያጠፋው ጽሑፉ ነው አለ። «ሰው ሁሉ ነገ የሚመጣ ከሆነ እኔ ዛሬ ለማን ልዝፈን?» ብትለው «ማንበብ ለሚችል ሰው» ብሎ መለሰላት፤ በዚህች መልስ ነገሩ ከረረ። እርሷም ኪቦርድ ተጫዋቹን ይዛ ወጥታ ሌላ ባንድ አቋቋመችና ስሙን «መጥተናል» አለችው፤ ስያሜው የእልህ መሆኑ ለማንም አልተሰወረም። ሁለቱም ወንድሜን «ምረጥ» አሏቸው። እርሳቸው ግን «ጭረቷን የተውኳት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የሁለታችሁም ነኝ» ብለው የሁለቱንም ባንድ ማስታወቂያ በአንድ ቀን ጽፈው፣ ትምህርተ ጥቅሱን እንደ በር መቃን አግዝፈው ሰቀሉት። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ፋርማሲስቷና ጎሚስታው ፊት ለፊት አልተነጋገሩም፤ የሚናገሩት ቢኖራቸው በወንድሜ በኩል ብቻ ሆነ።

በዚያው ሰሞን ወንድሜ የመኪና መንዳት አስተማሪ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ተዋወቁ። ባለቤታቸው ለማስተማሪያ መኪናቸው የኋላ መስታወት «ተለማማጅ ነው፤ ታገሡት» የሚል ጽሑፍ አዝዘው ነበር፤ ወንድሜ በንጉሡ ሠ መጻፍ ሲገባቸው በእሳቱ ሰ ጽፈው ቢያመጡ እሳቸው አልቀበልም አሉ። እሳቸው ስል ባለቤታቸውን ነው፤ በቋንቋችን ይህ ቃል ሴትም ወንድም ነውና ግልጽ ላድርገው። ወንድሜ አዲሱን አርመው ሲያመጡ የተሳሳተውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው መጡ ብዬ ጽፌ ነበር፤ ትናንት ባነብላቸው ባለቤታቸው «ደረቱ ላይ አይደለም፣ ጀርባው ላይ ነው። ዘወር ብሎ ሊሄድ ሲል ነው ያየሁት» ብለው አርመውኛል። እንግዲህ ጀርባቸው ላይ ነበር። ተጋብተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ፤ ልጃቸው ዛሬ መነጽር ሠሪ ናት። በሕፃንነቷ የአባቷ ቤዝ የተደገፈበት ቤት ሁሉ ቤታችን ነው ብላ ታምን ስለነበር በየሰው ቤት ጫማዋን አውልቃ ትገባ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ።

ሌሎቹ ባንዶች እየፈረሱ ስለቀሩ፣ ከዚያ በኋላ የነበሩት ረጅም ዓመታት በእነዚህ ሁለት ባንዶች መካከል በመመላለስ ያለፉ ናቸው። ጎሚስታው «ድምፅ ማጉያውን ትመልስ በላት፤ አለበለዚያ ራሴ መጥቼ እነቅለዋለሁ» ብሎ ሲልካቸው ወንድሜ ፋርማሲው ደርሰው «ድምፅ ማጉያው እንዳልተበላሸ ተጨንቋል» ይሏት ነበር፤ እርሷም «ጭንቀቱን ከጎማው ጋር ይንፋው» ስትል ተመልሰው «ደህና ነው ብላለች» ይሉት ነበር። በአንድ ዘፈን ውስጥ ከላይ ወደ ታች የምትወርድ የቤዝ ዜማ ነበረቻቸው፤ መጨረሻዋ ላይ ጣታቸው ሁልጊዜ አንዲት ድምፅ አልፎ ይወርድና ተንሸራቶ ይመለስ ነበር። ሳያርሟት ቀሩና ዜማዋ ከነስሕተቷ የሁለቱም ባንዶች ዘፈን ውስጥ ገባች፤ አንዱ ሰረቀችን፣ ሌላዋ ሰረቀን ሲሉ የዜማዋ ባለቤት በሁለቱም በኩል አንገቱን ደፍቶ ይጫወት ነበር። ይጫወቱ ነበር። ቋንቋችን ለአንድ የተከበረ ሰውና ለብዙ ሰዎች አንድ ዓይነት ግስ ይሰጣልና፣ ወንድሜ አንቱ የሚባሉበት ዕድሜ ከደረሱ በኋላ የአዳራሹ ዘበኛ ከበር ላይ «መጡ» ሲል ከውስጥ ያሉት «ባንዱ ነው ወይስ እሳቸው?» ብለው ይጠይቁታል፤ እርሱም «ምን ልዩነት አለው?» ይላቸው ነበር።

ጊዜው እየገፋ ሲሄድ ባንዶቹን የሚያስተሳስሩት ሰዎች አንድ በአንድ ቀነሱ። ዳቦ ጋጋሪው ወገባቸው አስቸገራቸውና ድራሙን ተዉ፤ ኪቦርድ ተጫዋቹ ሥራ አግኝቶ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ፤ በምትካቸው የገቡት ወጣቶች ደግሞ የየራሳቸው ባንድ ብቻ ሆኑ። በመጨረሻ በሁለቱም የሚቆም ሰው ወንድሜ ብቻ ቀሩ። የግራ እጃቸው ጣቶች መጀመሪያ የቀዘቀዙባቸው፣ ኋላም ሲጫኑት ክሩ የማይሰማቸው የሆኑት ይህን ጊዜ ነው። ሐኪሞቹ ሕመሙ የነርቭ መሆኑን፣ ከእጅ ተነሥቶ ወደ እግርና ወደ ትንፋሽ እንደሚሄድ፣ የሚያቆመውም መድኃኒት እንደሌለ ሳይደብቁ ነገሯቸው። ወንድሜ ይህን በሰሙበት ዕለት ከሐኪም ቤት ስንመለስ የጠየቁኝ ስለ ራሳቸው አልነበረም። «እኔ ስሄድ እነዚህ ሁለቱ በማን በኩል ሊነጋገሩ ነው?» አሉኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ያሳሰባቸው ይህ ብቻ ነበር፤ እርሳቸው ሲያልፉ ሁለቱ ባንዶች በአንድ ከተማ እየኖሩ እንደማይተዋወቁ ሰዎች እንዳይሆኑ።

ሽማግሌ ልከን እናስታርቃቸው ብዬ ነበር። እርሳቸው ግን «ለዕርቅ ከተጠሩ ማን ጥፋተኛ እንደነበረ መናገር ይጀምራሉ፤ ለሥራ ነው መጥራት» ብለው ሌላ መንገድ ያዙ። በመጀመሪያ ፋርማሲስቷን ወደ ታፔላ ሱቃቸው አስጠርተው፣ የግራ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ «ነገ እንመጣለን» ለሚቀጥለው ዝግጅት ቤዝ እንደሌለው ነገሯትና አንቺ ትጫወቺላቸዋለሽ አሏት። እርሷ የዘፈኖቹን ኮርድ ሁሉ ከዱሮ ጀምሮ ታውቃለች፤ ቢሆንም «ከእሱ ጋር ከምቆም እግሬን እንደ ጎማ አስነፍቼ ብሄድ ይሻለኛል» አለቻቸው። ወንድሜም «ከእሱ ጋር መች ቁሚ አልኩሽ? እኔ ቦታ ላይ ነው የምትቆሚው» አሏት። እርሷም ቦርሳዋን አስቀምጣ ቤዙን አነሣች። በማግሥቱ ጎሚስታውን ጠርተው ያንኑ ጥያቄ ስለ «መጥተናል» አቀረቡለት። «እኔ የእሷን ዘፈን ላጅብ?» ሲላቸው «ዘፈኑን ተወው፤ የኔን እጅ ብቻ ያዝልኝ» አሉት።

በዚያ ዓይነት ሁለቱንም በየተራ ማስተማር ጀመሩ። ራሳቸው መጫን ስለማይችሉ በወንበራቸው ተቀምጠው በቀኝ እጃቸው ምቱን በተማሪው ትከሻ ላይ እየመቱ፣ ጣት የሚያርፍበትን ቦታ በአፋቸው ይናገሩ ነበር፤ ሲበዛባቸውም በታፔላ ሙያ ቋንቋ «እዚህ ጋ ቀለም አታብዛ፣ ግድግዳው ራሱ ይታይ» ይሉ ነበር። ባለቤታቸው አንዱ ሳይወጣ ሌላው እንዳይገባ ሰዓቱን ይጠብቁ ነበር፤ መንዳት ያስተማሩ ሰው ናቸውና ግጭት መከላከል ያውቁበታል። አንድ ቀን ግን ሁለቱ በሱቁ በር ላይ ተገናኙ። ጎሚስታው በሩን ያዘላት፣ እርሷም አለፈች። ባለቤታቸው ይህን ለወንድሜ ሲነግሯቸው «በየትኛው እጁ ነው የያዘላት?» ብለው ጠየቁና «በግራው» ሲባሉ «ጥሩ፤ የቀኙ ሁልጊዜ ጥቁር ዘይት ነው» ብለው ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ አላየሁም።

ፋርማሲስቷ በጎሚስታው ባንድ ውስጥ የተጫወተችበት ከሰዓት በኋላ ወንድሜ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው በአዳራሹ የኋላ መደዳ ነበሩ፤ እኔም ከጎናቸው። በልምምዱ ላይ ከስንት ዘመን በኋላ የተለዋወጡት የመጀመሪያ ቃል «ፈጠንክ» እና «አንቺ ነሽ የዘገየሽው» የሚል እንደነበር ሰምተናልና፣ እጄን በጭንቀት እያሸሁ ነበር የጠበቅኩት። ከመድረኩ አንዱ ጫፍ እርሱ፣ ከሌላው ጫፍ እርሷ ቆሙ፤ አንዱ ወደ ሌላው አልተያየም። ስሕተት፤ አንዱ ሌላውን አላየም። ያቺ የምትወርደው ዜማ ስትደርስ ፋርማሲስቷ መጨረሻዋ ላይ አንዲት ድምፅ አልፋ ወረደችና ተንሸራታ ተመለሰች። ወደ ወንድሜ ዘንበል ብዬ «ሳተች መሰለኝ» አልኳቸው። ዓይናቸውን እንደጨፈኑ «የኔን ስሕተት ነው የተሳሳተችው» አሉኝ። ጎሚስታው በዚያች ቅጽበት ራሱን ዞር አድርጎ ተመለከታት። በቀጣዩ ዝግጅት እርሱ በ«መጥተናል» መድረክ ላይ ከፋርማሲስቷ ኋላ ቆሞ ያንኑ ስሕተት ደገመ፤ ያንን ግን ወንድሜ በሕመማቸው ምክንያት ሳያዩት፣ ባለቤታቸው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይዘውላቸው በአልጋቸው ሆነው ሰሙት።

ከዚያ በኋላ ሕመሙ ወደ ትንፋሻቸው ደረሰ። ልጃቸው በቀን፣ ባለቤታቸው በሌሊት ሳይለዩአቸው፣ ፋርማሲስቷ መድኃኒታቸውን በየዕለቱ ራሷ እያመጣች፣ ጎሚስታውም የተሽከርካሪ ወንበራቸውን ጎማ ሳይጎድል እየነፋ አስታመሟቸው። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ ባለቤታቸው ትራሳቸውን ካስተካከሉላቸው በኋላ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳደረጉ ያለ ጭንቅ አረፉ። ሁለቱ በማን በኩል ይነጋገራሉ ብለው የጠየቁኝን ጥያቄ ሳልመልስላቸው ሄዱ፤ መልሱ በመጨረሻ የመጣው ትናንት ነው።

ወንድሜ ባለቤታቸውን፣ አንዲት ልጃቸውን፣ አማቻቸውን፣ እኔን ታላቅ ወንድማቸውን፣ ደግሞም ወገባቸውን እየደገፉ የመጡትን የቀድሞ የድራም ጓደኛቸውን ዳቦ ጋጋሪውን ትተው አልፈዋል። የባንዶቹን አባላት ዝርዝር በተመለከተ ትናንት ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች በየተራ ቤቴ መጥተው በየትኛው ባንድ ሥር እንዲነበቡ እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ሁለተኛው ሲመጣ የመጀመሪያዋ ያለችውን አልነገርኩትም። ስለዚህ እንዲህ ይነበባል፦ ከ«ነገ እንመጣለን» ባንድ፣ ቤዝ ተጫዋቿ ፋርማሲስቷ፤ ከ«መጥተናል» ባንድ፣ ቤዝ ተጫዋቹ ጎሚስታው። አገላብጬ አላነበብኩም፤ ሁለቱንም ደግሜ ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

ቸሩ ፈጣሪ የወንድሜን ነፍስ በማይታወክ ሰላም ያሳርፍልን፤ ላስታመሟቸው እጆች ብርታቱን፣ ለባለቤታቸውና ለልጃቸው መጽናናቱን ይስጥልን።